ያንኳኳችው እናት፦ ከእንጦጦ ግርጌ ስላለፉት ቤተ እስራኤል



ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ ነው። ግማሹን በመጻሕፍት ያነበብኩት ነው፤ ግማሹን ግን በገዛ ሰፈሬ፣ በየካ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ያየሁትን ለብዙ ዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። መድረክ ላይ ቆሜ ስለ እስራኤል ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ፤ ስለ አንዲት እናት ግን አንድም ቀን አልሰበክኩም። ምክንያቱን ስታነቡ ትረዱታላችሁ።

በክረምት ምሽት የተንኳኳ በር

ዘመኑ 1982 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ያኔ ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር የለም፤ ከፍተኛና ቀበሌ ነው። ቤታችን ከሾላ ገበያ ወደ ተራራው ሲወጣ ባለው መንደር ነበር። ዝናቡ ከእንጦጦ ሲወርድ የግቢያችን አፈር ጭቃ ይሆናል፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። እኔ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ በሕቡዕ በሚደረግ የቤት ኅብረት ውስጥም አገለግል ነበር።

በዚያ ሰሞን ከጎረቤታችን ጓሮ ባሉት ሁለት የጭቃ ክፍሎች ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ተከራየ። ባልና ሚስት፣ አንዲት አሮጊት አያትና አምስት ልጆች ነበሩ። አባትየው ማለዳ ተነሥቶ ወደ እስራኤል ኤምባሲ ይሄዳል፤ ልጆቹም እዚያው ይማራሉ። እናትየው ከወንዝ ዳር አፈር እያመጣች ትናንሽ አንበሶችና ሰዎች ትሠራ ነበር። ጀበናም ትሠራ ነበር። «ፈላሾች ናቸው» ተባለ በሹክሹክታ። እናቴ ጸሎተኛ ሴት ነበረች፤ ነፍሷን ጌታ ያሳርፋት። ሆኖም «ስትበሉ በሩን ዝጉ» አለችን። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም። ሁላችንም እናውቀው ነበር። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባላል።

አንድ ሐሙስ ማታ ቤታችን ለጸሎት ተሰብስበን ነበር። ዘጠኝ ነበርን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን በለሆሳስ ስንጸልይ የውጭው በር ተንኳኳ። ወዲያው መብራቱን አጠፋን። «ቤቶች! ቤቶች! ስለ እግዜር!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ። ንግግሯ የጎንደር ነው። ማን እንደሆነች ወዲያው ታወቀን። አንዱ ወንድም እጄን ያዘና «ዝም በል» አለኝ። ዝም አልኩ። ደጋግማ አንኳኳች፤ ከዚያ የእግሯ ኮቴ በጭቃው ውስጥ ራቀ። እኛም ጸሎታችንን ቀጠልን።

በማግስቱ ስንሰማ ትንሿ ልጇ በተቅማጥ ተይዛ ኖሮ፣ ሕፃኗን ተሸክሞ ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ፍለጋ ነበር የመጣችው። አባትየው ያን ምሽት ቤት አልነበረም። ልጅቷ እሑድ ጠዋት ሞተች።

ፍርሃት ነበረብን እላለሁ፤ እውነት ነው። በዚያ ዓመት ቁጥጥሩ ላላ ብሎ ነበር፤ የእኛ ፍርሃት ግን ገና አልላላም። ይህን ጌታ ያውቃል። ነገር ግን እሑድ ምን አስፈራን? እሑድ በራችን ክፍት ነበር፤ ፀሐይም ወጥታ ነበር። የሰፈሩ እድር ድንኳን አልተከለም፤ ተከራዮች ስለሆኑ አባል አይደሉም ተባለ። ከኅብረታችን ለቅሶ የደረሰ አንድም ሰው የለም። ልጅቷ የት እንደተቀበረች እንኳ አልጠየቅንም።

እንጀራችን የተጋገረበት ምጣድ

እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። በሰሜን፣ በጎንደር፣ በስሜን፣ በወልቃይትና በትግራይ የኦሪትን ሕግ ጠብቀው የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ሰንበትን ያከብራሉ፤ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ቄሶቻቸውና መነኮሳቶቻቸው ነበሯቸው። «ፈላሻ» የሚለው ስም ለእነርሱ ክብር አልነበረም። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በነገሡት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መደረጉን የቆየ ትውፊት ይናገራል። መሬት የሌለው ሰው ደግሞ በእጁ ሥራ ማደር አለበት። ስለዚህ ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ሆኑ።

ማረሻውን የሠሩልን እነርሱ ናቸው። እንጀራችን የተጋገረበትን ምጣድ፣ ወጣችን የተሠራበትን ድስት፣ ቡናችን የፈላበትን ጀበና የሠሩልን እነርሱ ናቸው። እኛ ግን በእጃቸው ሥራ እየበላን ዓይናቸውን ፈራን። ብረት በእሳት የሚያቀልጥ ሰው ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ጥፋቱ በእነርሱ ላይ ተላከከ። እነርሱም በበኩላቸው የመንጻት ሕጋቸውን በመጠበቅ ከሌላው ሰው ጋር እንዳይነካኩ ይጠነቀቁ ነበር፤ ልማዱ «አትንኩኝ» እስከ መባል ደርሶ ነበር። አጥሩ ከሁለት በኩል ቆመ። ነገር ግን መሬቱም ሥልጣኑም ያለው በአንደኛው ወገን ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ከጎንደር ሩቅ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ መንደር ምዕራብ፣ በዚያው በእንጦጦ ግርጌ ቀጨኔ አለ። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸውን ከቤተ እስራኤል ጋር ያያይዛሉ። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ቡናዋን በእነርሱ ጀበና ስትጠጣ፣ በእነርሱ ላይ የሚወራውንም ወሬ አብራ ትጠጣ ነበር።

አባቶቻችን ያመጡት ወንጌልና ያስከተለው

እኛ ወንጌላውያን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። እዚህ ላይ ትኩር ብለን ማየት አለብን።

በ1852 ዓ.ም. ገደማ በለንደን የተቋቋመው ለአይሁድ ወንጌል የሚሰብክ ማኅበር ሚስዮናውያኑን ወደ ቤተ እስራኤል ላከ። ሄንሪ አሮን ስተርን ራሱ በጀርመን ከአይሁድ ወላጆች የተወለደ ነበር። ዮሐን ማርቲን ፍላድም በሥራው ውስጥ ትልቅ ስፍራ ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሲፈቅዱላቸው፣ የሚያምን ሰው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ የሚል ግዴታ ነበረበት። ሚስዮናውያኑ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ አሠራጩ፤ ማንበብ አስተማሩ። ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ አስረዋቸው እስከ መቅደላ ጦርነት ድረስ፣ እስከ 1860 ዓ.ም.፣ በእስር ቆዩ። የውጭ ሚስዮናውያን ከወጡ በኋላ ሥራውን ኢትዮጵያዊው ሚካኤል አረጋዊ ለብዙ ዓመታት መራው።

ይህ ታሪካችን ነው፤ በወንጌልም አላፍርም። ነገር ግን የታሪኩ ሌላ ወገንም አለ። የሚስዮናውያኑ መምጣት በቤተ እስራኤል መካከል ታላቅ መናወጥ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ እየመሩአቸው ብዙዎች ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው በእግር ተነሡ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ትግራይ ላይ ሲደርሱ በረሃብና በበሽታ አለቁ፤ የተረፉትም ተመለሱ። ከዚያም ክፉ ቀን የሚባለው ታላቅ ረሃብ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ መጣ። ብዙዎች ለመኖር ሲሉ ወደ ክርስቲያን መንደር ተጠጉ፤ ተጠመቁም።

የተጠመቁት ምን ሆኑ? የገዛ ወገኖቻቸው ለዩአቸው። ክርስቲያኑ ጎረቤትም በሙሉ ልቡ አልተቀበላቸውም፤ ተጠምቀውም ቡዳ መባላቸው አልቀረም። ልጃቸውን የሚድርላቸው አልነበረም። በሁለት አጥር መካከል የቀሩትን ሰዎች የልጅ ልጆች ኋላ «ፈላሽ ሙራ» የሚል ስም ተሰጣቸው። ይህን ስም በልባችሁ ያዙት፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ጦርነት ሲያልቅ የማያልቀው

ከእነዚህ ቤተሰቦች የአንዱን ልጅ ታሪክ ላንሣ። ታምራት አማኑኤል በጎንደር አካባቢ፣ አዘዞ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ክርስትናን ከተቀበሉት ወገን ነበር። እርሳቸውም በአስመራ በስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። እዚያ ሳሉ ነው እ.ኤ.አ. በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ የፖላንድ ተወላጅ አይሁዳዊ ምሁር ያገኛቸው። ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ ጣልያን ወስዶ አስተማራቸው። ታምራት ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት ተመለሱ፤ በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። «ስለ ኢትዮጵያ ደራሲያን» የተሰኘችውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ምን ዓይነት ሊቅ እንደነበሩ ያውቃል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በሚያዝያ 1928 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቅቀው ሲሄዱ አዲስ አበባ ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። በየካ ግርጌ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የብዙ አገር ዜጎች፣ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ከሕንድ በመጡ የሲክ ወታደሮች እየተጠበቁ ተጠለሉ። ለውጭ ዜጋ የሚከፈት በር ነበረ። ለከተማዋ ድሃ ግን እንዲያ ያለ በር አልነበረም።

በየካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀን የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾችን ቁጥር 30,000 ብሎ መዝግቧል። ፋሺስቶቹ ከዚያ በኋላ የተማረውን ሰው እየፈለጉ ፈጁት። ታምራትም በዚያው ዓመት ከአገር ተሰደዱ፤ የትምህርት ቤቱም ሥራ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ጣልያን በገዛ ዜጎቿ በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣች። ኢትዮጵያዊውን በቆዳው የናቀ ክፉ መንፈስ አይሁዳዊውንም በደሙ ናቀ። በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁድ አለቁ።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃ ወጣች። አውሮፓም በ1937 ጦርነቷን ጨረሰች። ነገር ግን ጦርነት ሲያልቅ ለተራው ሰው ሁሉ ነገር አያልቅም። ከሞት ካምፕ የተረፉ አይሁዶች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው አገኙ። በሰኔ 1938 ዓ.ም.፣ ሰላም ከወረደ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በፖላንድ ኪየልስ ከተማ ከሂትለር የተረፉ ከ40 በላይ አይሁዶች በገዛ ጎረቤቶቻቸው እጅ ተገደሉ። መነሻው አይሁዶች አንድ ልጅ ደብቀው አሠቃዩ የሚል የሐሰት ወሬ ነበር። ወገኖቼ፣ ይህ ወሬ አዲስ ይመስላችኋል? ልጅ ሲጠፋ ወይም ሲታመም ባዕዱን መክሰስ በእኛም አገር ስሙን ለውጦ ኖሯል።

ታምራት አማኑኤል ከነፃነት በኋላ ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ፤ በፓሪስም በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ። ያረፉት ግን በኢየሩሳሌም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963።

ግንቦት 1983

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለቤተ እስራኤል ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ሰጣቸው። ነገር ግን የተሰጣቸውን እንዳይዙ የሚያስፈራራቸው ብዙ ነበር፤ ጦርነቱም ሰሜኑን አላሳረፈውም። በ1965 የእስራኤል ሊቀ ካህናት የነበሩት ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለው ከወሰኑ በኋላ ወደ እስራኤል የመግባት ተስፋ ተከፈተ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ በሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ። በመንገድና በስደተኛ ካምፖች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሞቱ፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 1977 «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው የምስጢር በረራ ብዙ ሺህ ሰዎች ተወሰዱ። ምስጢሩ ሲወጣ በረራው ቆመ፤ አባት እዚያ፣ እናት እዚህ ቀሩ።

በ1982 መጀመሪያ የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት ሲታደስ ቤተ እስራኤል ከጎንደር እየጎረፉ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ጎረቤቶቻችን ከእነዚህ ነበሩ። የደጋውን ንጹሕ ውኃ የለመዱ ልጆች በተጨናነቀ የኪራይ ክፍል ውስጥ በተቅማጥና በኩፍኝ ታመሙ። በዚያ ክረምት ብዙ ሕፃናት ሞቱ። ኋላ ክትባትና የሕክምና አገልግሎት ሲደራጅ ሞቱ ቀነሰ፤ ለጎረቤቴ ልጅ ግን ዘገየ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጡ። ዓርብ ግንቦት 16 ማለዳ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ብቅ ስል የተከራዮቹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ማንም የለም። ምንም ዕቃ አትያዙ ተብለው ሌሊቱን ወደ ኤምባሲው ሄደዋል። በአውቶቡስ ወደ ቦሌ ተወሰዱ፤ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎላቸው ወንበራቸው በተነቀለ አውሮፕላኖች ተሳፈሩ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,300 በላይ ሰዎች ሄዱ። በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ተጭነው ነበር። በሰማይ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ሰንበት ቢሆንም የሰው ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል ብለው በረሩ። ለዚህ ፈቃድ ለደርግ መንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል።

በክፍሉ ውስጥ ምጣድ፣ እንስራና አንድ ጀበና ቀርተዋል። እናቴ ጀበናውን አንሥታ ወደ ቤት አመጣችው። ለዓመታት ቡና ጠጣንበት። ቡና በተፈላ ቁጥር እናቴ ያቺን ሴት ታነሣ ነበር። አንድ ቀን «ያን ጊዜ ልከፍትላት ይገባኝ ነበር» አለች። እኔም «እኔም» አልኳት። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

በር ላይ የቀሩት

ግንቦት 20 ኢሕአዴግ ከተማዋን ያዘ። ለእኛ ለወንጌላውያን የደስታ ጊዜ ነበር። ተዘግተው የነበሩ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ተከፈቱ። በዘመኑ ስለ እምነታቸው የታሰሩ ተፈትተው መሰከሩ። በ1971 የተገደሉትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን እያሰብን አለቀስን። በአደባባይ ዘመርን። ይህን ደስታ የሰጠን ጌታ ይመስገን።

ነገር ግን በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን ምን ነበር? ከተበተነው ሠራዊት የመጡ ወታደሮች በባዶ እግራቸው በየመንገዱ ይለምኑ ነበር። ከኤርትራ የተባረሩ ቤተሰቦች ላስቲክ ወጥረው ሰፍረው ነበር። በእስራኤል ኤምባሲ በር ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀርተው ነበር። እነዚህ አውሮፕላኑ ያልወሰዳቸው ናቸው። አባቶቻቸው ክርስቲያኖች ሆነው ስለነበር፣ አይሁድ አይደላችሁም ተብለው ተመለሱ። ፈላሽ ሙራ ማለት እነርሱ ናቸው። ጎንደር ያለውን ቤታቸውን ሸጠው መጥተዋል፤ መመለሻ የላቸውም። ወደፊት መሄጃም የላቸውም። ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ለዓመታት ጠበቁ።

አስቡት። በዚያ በር ላይ የቆሙት ከፊሎቹ የእኛ አባቶች በሰበኩት ወንጌል ምክንያት የተለዩ ሰዎች የልጅ ልጆች ነበሩ። እኛም በዚያው ከተማ በተከፈቱት አዳራሾቻችን ውስጥ ስለ ጽዮን እንዘምር ነበር። ወደዚያ በር ምግብ ይዞ የሄደ፣ «ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ?» ያለ ከመካከላችን ስንት ሰው ነበር? እኔ አልሄድኩም። ስለሌላው ሰው መናገር አልችልም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በእስራኤል ካቢኔ ስንት ጊዜ ተነሥቶ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጨረሻው በረራ ተብሎ ተነገረ፤ በ2020 ደግሞ «ጹር እስራኤል» የሚል ሌላ ዘመቻ ተጀመረ። የሄዱትም ቢሆኑ መንገዱ ቀና ብቻ አልሆነላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲታወቅ በኢየሩሳሌም በሺዎች ወጥተው ጮኹ። በአገራቸው «ፈላሻ» ተባሉ፤ እዚያ ደግሞ «ጥቁር» ተባሉ። ከስደት የተረፈ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ መትረፍ ይጠበቅበታል።

አብድዩና ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ

ነቢዩ አብድዩ በኤዶም ላይ የተናገረውን እስቲ በጥሞና አንብቡ። አጭር መጽሐፍ ናት፤ አንድ ምዕራፍ ብቻ። የኤዶም በደል የሚጀምረው በሰይፍ አይደለም። ኢየሩሳሌም ስትዘረፍ ኤዶም ዳር ቆሞ ማየቱ ነው የመጀመሪያው ክስ። ከዚያ ደስ አለው፤ ከዚያ በበሩ ገባ፤ ከዚያ ከንብረቱ ወሰደ፤ በመጨረሻም የሸሹትን አሳልፎ ሰጠ። ዳር መቆም የመንገዱ መጀመሪያ ነው። ያን የክረምት ምሽት እኔ ዳር ቆሜ ነበር። ጀበናውም ቤታችን ገባ።

ስለ ሮሜ 11 ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። ስለ ቅርንጫፎቹ፣ ስለ ወይራው፣ ስለ ትንቢቱ። ጳውሎስ ግን የተከለው ቅርንጫፍ በተቆረጠው ላይ እንዳይመካ አስጠነቀቀ። ይህ ምክር ሰፈር ውስጥ ሲተረጎም ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በካርታ ላይ ያለችውን እስራኤል ወድደህ፣ ከጓሮህ ያለውን ቤተ እስራኤላዊ አትናቅ። ስለ ኢየሩሳሌም ሰላም ጸልየህ በርህን አትዝጋ።

አሁን ግን ተስፋ የሚሰጠኝን ሰው ላንሣ። በኤርምያስ 38 ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከባለች፤ ረሃብ ገብቷል፤ ነቢዩ በጭቃ ጕድጓድ ውስጥ ተጥሏል። የገዛ ወገኖቹ ዝም አሉ። ወደ ንጉሡ ሄዶ የተናገረው አቤሜሌክ ነው፤ ኢትዮጵያዊው። ንጉሡ ፈቀደለት፤ ሰዎችም ይዞ ሄደ። አቤሜሌክ ግን ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። መጀመሪያ ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ ያረጀ ጨርቅ ፈለገ። ገመዱ የኤርምያስን ብብት እንዳይቆርጠው ጨርቁን ከብብትህ በታች አድርግ አለው።

እኔ ይህን ክፍል በኮሌጅ ሳለሁ በዕብራይስጥ አንብቤዋለሁ። ስለ ጨርቁ ግን ያኔ አላሰብኩም። ዛሬ የማስበው ስለ ጨርቁ ነው። ገመድ የመንግሥት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አውሮፕላን፣ ስምምነት፣ ዶላር። ጨርቅ ግን የጎረቤት ሥራ ነው። የሚወጣው ሰው ሲወጣ እንዳይቆስል የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። በር መክፈት፣ ሕፃን ተሸክሞ መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ስሙን መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ጨርቅ ነው። ከተማዋ ስትወድቅ እግዚአብሔር አቤሜሌክን ረስቶት አልቀረም፤ ነፍሱን እንደሚያድንለት ቃል ገባለት።

ወገኖቼ፣ ጦርነት ዛሬም ከአገራችን አልራቀም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከሰሜን፣ ከምዕራብ፣ ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉ ሰዎች ወደዚህች ከተማ መጥተዋል። በየካም፣ በኮተቤም፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንም በኪራይ ክፍሎች ውስጥ አሉ። አነጋገራቸው ከእኛ ይለያል። ስለ እነርሱ የሚወራ ወሬ አለ፤ «እነዚህ እንዲህ ናቸው» የሚል። የእድር አባል አይደሉም። እኔ ስለ አንዲት እናት የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በሚቀጥለው ሐሙስ በራችሁ ሲንኳኳ እንድትከፍቱ ነው።

ያቺ እናት ዛሬ በሕይወት ካለች አርጅታለች። የት እንዳለች አላውቅም። የልጇንም ስም አላውቅም። ስሟን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ግን ልጠይቅ እችል ነበር።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርጉ በጌታ ፍቅር እለምናችኋለሁ። አብድዩን በአንድ ቁጭታ አንብቡት። በግቢያችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለውን ተከራይ ስሙንና ከየት እንደመጣ ጠይቁት። የእድር አመራር ከሆናችሁም ሞት የደረሰበት ተከራይ ያለ ድንኳን እንዳይቀር በስብሰባችሁ አንሡት።

ጸሎት

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ሆይ፣ በጕድጓድ ያሉትን የምታይ አንተ ነህ። በወንድማችን ቀን ዳር ቆመን ስለተመለከትንበት ጊዜ ይቅር በለን። በእጃቸው ሥራ እየተጠቀምን ስማቸውን ስላጠፋንባቸው ሰዎች ይቅር በለን። ልጆቻቸውን በዚህች ከተማ ቀብረው የሄዱትን አጽናና፤ በሁለት አጥር መካከል የቀሩትንም አስብ። ፍርሃታችንን ውሰድና በፍርሃታችን ውስጥ እንኳ በር የሚከፍት ልብ ስጠን። ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም የምንይዝ አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።